በቃ የሚለው ወጌሻው ነው

ሐይቅ ከተማ ወድቆ የተሰበረ ሰው፣ አላህ አያምጣው እንጂ፣ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ደሴ መሄድ ነው። ሌላው ባጃጅ ይዞ ከመናኸሪያው ጀርባ ወጌሻው ኑርሁሴን ቤት መሄድ ነው። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ደሴ ሄዶ ጀሶ የታሰረለትም ቢሆን ሲመለስ "እስቲ አንተም እየው" ብሎ ጎራ ማለቱ አይቀርም። ኑርሁሴን ዳበስ ዳበስ አድርጎ "ደህና አስረውታል" ሲለው ነው ሰውዬው እፎይ የሚለው።

ሙያው ከአባቱ የወረደ ነው። እስላም ክርስቲያን ብሎ አይለይም፤ አጥንት ሃይማኖት የለውም ባይ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ተጠርቶ ከዛፍ የወደቀ ዲያቆን ክንድ አስተካክሎ ያውቃል። ዋጋ አይጠራም፣ "ዱዓ አድርጉልኝ" ይላል። ጠባዩ ግን፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የሚመሰገን አይደለም። ግትር ነው፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ምክር አይሰማም። ሰው የሚታገሠው ጣቶቹን ብሎ ነው።

የተሰበረ ሲቀና አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይስባል፣ ወጌሻው ደግሞ በጣቶቹ አጥንቱን እየተከተለ ቦታው ያስገባዋል። ኑርሁሴን ሳቢውን ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረዋል። "ይኸ ሰው በቃ ይልሃል። መቶ ጊዜ በቃ ይልሃል። እናቱን ይጠራል፣ እናትህንም ይሰድባል። አትስማው። በቃ የምለው እኔ ነኝ።" ይህች ንግግሩ ከተማውን ሁሉ ያዳረሰች ናት። ሰርግ ቤት እንግዳው "በቃኝ" ብሎ እጁን ሲሰበስብ፣ አስተናጋጁ ሌላ ጭልፋ እየጨመረ "በቃ የሚለው ወጌሻው ነው" ይለዋል። ኑርሁሴን ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ግን ደስታው ቀረ። ለምን እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ግራ ቁርጭምጭሚቱ ያመዋል። ማመም ብቻ አይደለም፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሕይወቱን ወስዶበታል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው። ሲሰግድ እግሩን ማጠፍ ስለማይችል፣ በሶላቱ መጨረሻ ለአተህያቱ ሲቀመጥ ወደ ጎን ዘርግቶት ነው። ሰው ሲጠይቀው "ብርድ ነው" ይላል። አምባሰል ተራራ ላይ ያሉ ቀበሌዎች በሽተኛ አለ ብለው ሲልኩበት "አምጡት" ማለት ከጀመረ ቆይቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉትን ተረት ለሌላው ሲተርት አንደኛ ነው።

ሐኪም ቤት እንዲሄድ ምክንያት የሆነችው ልጁ ኢንሳፍ ናት። ደሴ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷን በልመናም በቁጣም ሞክራ አልሆን ሲላት፣ "ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት የሚያስገቡ ሐኪሞች በዓመት አንዴ ከውጭ አዲስ አበባ ይመጣሉ አሉ" ብላ ለእናቷ ነገረች። እናቷ ዑምኩልሱም ይህን ከሰማች በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ባሏን ካልሄድክ እያለች አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቀችው። ዝምተኛ ሴት ናት፤ እንዲህ ስትሆን አይቷት አያውቅም። እሱም የሄደው ከእግሩ ሕመም ይልቅ ይኸኛው ስለባሰበት ነው።

የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ወንዱ የሚባል ወጣት ነው። ራጁን ብርሃን ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰቀለው። ኑርሁሴን የሰው ራጅ ብዙ አይቷል፣ የራሱን ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ነገሩ ገባው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው አጥንት በትክክል ሳይሳብ፣ አንዱ ጫፍ ሌላው ላይ እንደወጣ ገጥሟል። እግሩ ወደ ውጭ የዞረው በዚህ ነው።

"የተሰበረው አጥሮና ተጣሞ ነው የገጠመው" አለ ዶክተር ወንዱ። "በዚህ የተነሳ ክብደትዎ ሁሉ በአንድ ጎን ላይ ሲያርፍ ኖሯል። በመሃል ያለው ልም አጥንት አልቋል። አሁን አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ ነው። ያን ጊዜ ማን ነበር ያሰረልዎ?"

"እኔ ነኝ የሳብኩት" አለች ዑምኩልሱም፣ ባሏ ሳይመልስ ቀድማ። "እሱ በጣቱ እያየ፣ እኔ ነበርኩ የምስበው። እጄ ደከመ። የኔ ጥፋት ነው ዶክተር።"

ኑርሁሴን ራጁን ያይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት አምባሰል ላይ አንድ ገበሬ ከገደል ወድቆ ኑርሁሴን ተጠራ። በሽተኛውን አክሞ ሲመለስ በቅሎዋ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጣት፤ እሱም ከነኮርቻው ወረደ። በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ አደረሱት። ሰዎቹ ደሴ እንውሰድህ ቢሉት "ወጌሻው ራሱ ሐኪም ቤት ከሄደ ነገ ማን ያምነኛል" አላቸው። ሌላ ወጌሻ እንጥራ ሲሉም ከልክሎ ሁሉንም አስወጣቸው። ሲያመው ማንም እንዲያየው አልፈለገም። ሚስቱን ብቻ አስቀረ።

ዑምኩልሱም በዚያን ጊዜ ከእሱ የማትተናነስ ነበረች። ሴት በሽተኛ ስትመጣ የምትይዘውም የምትስበውም እሷ ናት፤ ከወረባቦ ሳይቀር ሴቶች ይመጡ የነበረው እሷን ብለው ነው። እጇ ጠንካራ፣ ልቧ የማይደነግጥ ነበር። ኑርሁሴን ተቀምጦ፣ በገዛ ጣቶቹ የገዛ ስብራቱን ይዞ "ሳቢ" አላት። ሳበች። አጥንቱ ሲንቀሳቀስ ተሰማው። መጣ፣ ትንሽ መጣ፣ ቦታው ሊገባ የጣት ጥፍር ያህል ሲቀረው ዓይኑ ጨለመበትና "በቃ" አለ።

እሷም ለቀቀች። በሽተኛ በቃ ቢል አትለቅም ነበር። ይህ ግን ወጌሻው ነው። እሱ በቃ ካለ ገብቷል ማለት ነው ብላ ለቀቀች። እሱም አልገባም፣ ድገሚ ማለት አቃተው። በቀርከሃ ስንጥር አሰረው። ሕመሙ እንደገና ከሚመጣበት አጥንቱ ይጣመም ብሎ አሰረው።

ከሁለት ወር በኋላ ሲፈታ እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ተገኘ። አጎቱ አብዱልሃሚድ፣ የቀድሞው ትልቅ ወጌሻ፣ መጥቶ ዳበሰውና "ስቡ አጥሯል፤ የሳበው ሰው ቶሎ ለቋል" አለ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዑምኩልሱምን አየ። እሷም እጆቿን አየች። ኑርሁሴን እሷ ናት አላለም፤ ይህን ለራሱ ብዙ ጊዜ ነግሮታል። እሷ አይደለችም ግን አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዑምኩልሱም የማንንም አጥንት ይዛ አታውቅም።

"እንግዲህ" አለ ዶክተር ወንዱ ከራጁ ዞር ብሎ፣ "ያሉትን መንገዶች ልንገራችሁ። አንደኛው እንዲሁ በምርኩዝና በመርፌ መቆየት ነው። ሕመሙ አይለቅም። ሁለተኛው መገጣጠሚያውን በብሎን አጣብቆ ማሰር ነው። ቁርጭምጭሚቱ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም፣ ግን አብዛኛው ሕመም ይሄዳል፣ ክብደት ይሸከማል፣ ይቆያል። ውሎ አድሮ በአካባቢው ያሉት መገጣጠሚያዎች ሊያሙ ይችላሉ። ሦስተኛው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት ነው። እሱ ይታጠፋል።"

"ሲሰግድስ?" አለች ዑምኩልሱም። "እንደ ድሮው ይቀመጣል?"

"እንደ ድሮው ብዬ ቃል አልገባም። ከአሁኑ ግን ይሻል ይሆናል።" ወደ ኑርሁሴን ዞረ። "ግን ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ነው፤ ያልቃል። ተጠንቅቀው ከያዙት አሥር ዓመትም አሥራ አምስትም ሊሄድ ይችላል፤ ካልያዙት ቶሎ ይላቀቃል፣ ሲላቀቅ ደግሞ ለማስተካከል ከባድ ነው። የእርስዎ አጥንት ስለተጣመመ መጀመሪያ እሱን ማቅናት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር መግፋት፣ ከባድ መሸከም፣ ገደል መውጣት የለም። ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ወጌሻ ነኝ" አለ ኑርሁሴን።

ወጣቱ ሐኪም ትንሽ ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። "የአዲስ አበባዎቹ የስም ዝርዝር ሐሙስ ይዘጋል" አለ። "እስከዚያ አስባችሁ ደውሉልኝ። እኔ የምመርጥልዎ ነገር የለም። እንዴት እንደሚኖሩ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

በሚኒባስ ሲመለሱ ዑምኩልሱም በመስኮት በኩል ሆና ሳታቋርጥ አወራች። አምባሰል ላይ ያለችውን እህቷን ስህንን አብረው ሄደው እንደሚጠይቋት፣ ጁምዓ መስጊድ በእግሩ እንደሚሄድ፣ እንደ ሰው እግሩን አጥፎ እንደሚቀመጥ። "አላህ የተበላሸውን ሊመልስልን ነው ኑርዬ" አለችው። ኑርዬ ካለችው ስንት ጊዜዋ። እሱ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል እያየ "ኢንሻአላህ" አላት።

ሰፈሩ ወዲያው ሰማ። ሐይቅ ላይ የሰው እግር የሰፈር ጉዳይ ነው። ጎረቤታቸው ሙሉጌታ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ መጥቶ ተቀመጠና "ብረት መቼም ብረት ነው፤ የባጃጅ ጎማ ማሰሪያ እንኳ በየስድስት ወሩ ይለወጣል" አለ። ኢንሳፍ ስልክ ደውላ "አባ፣ ደፈር በል፣ ዘመኑ ነው" አለች። ለአምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ የሚሆነውን ሁሉም ያውቅ ነበር። የማያውቀው ኑርሁሴን ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አሕመዲን የሚባል ዓሣ አስጋሪ ግራ ክንዱን በቀኙ ታቅፎ መጣ። ጀልባ ሲጎትት ትከሻው ወልቋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ኑርሁሴን ለትከሻ የሚሠራው አንድ ዓይነት ነው፤ አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በሽተኛውን ምንጣፍ ላይ ያስተኛዋል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ብብቱ ሥር ያስገባል፣ በእግሩ እየገፋ በሁለት እጁ ክንዱን ይስባል። ለግራ ትከሻ የግራ እግር ነው የሚሆነው።

ደሴ ሂድ ሊለው ይችል ነበር። ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። አሕመዲን ግን "ጋሼ፣ በአላህ" አለው፣ እሱም ሳያስብ ጫማውን አወለቀ። ገፋ፣ ሳበ። አሕመዲን ጮኸ፣ በቃ አለ፣ ደገመ። ትከሻው ደለቅ ብሎ ገባ። በዚያው ቅጽበት ከኑርሁሴን ቁርጭምጭሚት የተነሳው ሕመም እስከ ጭኑ ወጣና በጀርባው ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። የዳነው ሰው ተነስቶ አዳኙን ደገፈው።

በጀርባው ተኝቶ ሳለ ነው ነገሩ ግልጽ የሆነለት። ሰው ሠራሹ ብረት ገብቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም ያንኑ ያደርግ ነበር። ሐኪሙ ቢከለክለው፣ ለሚስቱ ቢምል፣ ክንዱን ታቅፎ የሚመጣ ሰው ሲያይ ጫማውን ያወልቃል። በዓመትም በሁለት ዓመትም ያላቅቀዋል። ለእሱ የሚሆነው የማይታጠፈው፣ የሚሸከመው ነው። ይህን ለማወቅ የሐኪም ትምህርት አያስፈልግም፣ የራስን ጠባይ ማወቅ ይበቃል።

ዑምኩልሱም በሩ ላይ ቆማ አይታው ነበር። ከወደቀበት ስታነሳው "አብሽር" አለችው። "አዲሱ ሲገባልህ ይኸ ሁሉ የለም።"

ጭንቁም እዚህ ላይ ነበር። አጣብቁት ካለ እሷ ያየችው ተስፋ ይሞታል። በየቀኑ አምስት ጊዜ ሲሰግድ ያን የማይታጠፍ እግር ታያለች፣ ባየችው ቁጥርም የእጇ ጥፋት አድርጋ ትቆጥረዋለች። ብረቱን እሺ ካለ ደግሞ እሷን ለማስደሰት ብሎ ዳግመኛ አንካሳ ይሆናል፣ ያን ጊዜም እንደገና ጥፋቱ በእሷ ይላከካል፤ "እሷ ናት አስገባ ብላ የጨቀጨቀችው" ይባላል። አንድ ሴት በአንድ እግር ሁለት ጊዜ ትከሰሳለች። ኑርሁሴን በሕይወቱ ያፈረባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ያን ቀን ግን አፈረ።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ዑምኩልሱም በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

"ኩልሱም፣ ብረቱን አላስገባም" አላት። "አጣብቀው ልለው ነው። እኔ የማርፍ ሰው አይደለሁም። ትላንት አይተሽኛል።"

ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ ቆሙ። "ታርፋለህ። እኔ አሳርፍሃለሁ።"

"አላርፍም።"

"እንግዲያው ያን እግር እስክሞት ሳየው ልኑር?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "በሰገድክ ቁጥር ወደ ጎን ስትዘረጋው እኔ እጄን ነው የማየው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ላይ ሆኜ እንኳ ያ ረቢ ይኸን እጄን ማርልኝ ነው የምለው። እሱ እንዲታጠፍ ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ጊዜ አጥፈኸው ሳይህ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይህኛው አሥራ ስምንት ዓመት አድሯል።

"እጅሽ አይደለም" አለ። "ደህና አድርገሽ ነበር የምትስቢው። አጥንቱ እየመጣ ነበር፣ በጣቴ ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ነበር የቀረው። በቃ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ አንተ ነህ ያልከኝ። ሲገባ ነዋ።"

"ሳይገባ ነው ያልኩሽ። አሞኝ ነው ያልኩሽ።"

ዑምኩልሱም ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ ጎኗ አስቀመጠች።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለች።

"ያኔውኑ።"

"አጎትህ ስቡ አጥሯል ሲል?"

"አውቅ ነበር።"

"ስህን ክንዷ ተሰብሮ፣ አንቺ ያዢኝ፣ ሌላ ሰው አይንካኝ ብላ ስትለምነኝ፣ እኔ አልችልም ብዬ ፊቴን ሳዞርባት፣ አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

"ነበርኩ።"

"እህቴ ናት" አለች።

"አውፍ በይኝ ኩልሱም፣ ይቅር በይኝ።"

በእነሱ ዘንድ አውፍ በለኝ የተባለ ሰው ቶሎ አውፍ ብዬሃለሁ ይላል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ልጅ አባቱን ጀምበር ሳትጠልቅ አውፍ ይባባላል። እሷ ግን ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ውኃ ሲፈስ ሰማ። ስትመለስ እጆቿን ታጥባ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ ድሮ ሴት በሽተኛ ሲመጣ እንደምታደርገው። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እግርህን አምጣ" አለችው።

አመጣላት። በአንድ እጇ ተረከዙን፣ በሌላው የእግሩን ጀርባ ያዘች፤ አያያዟ ያን ቀን እንደያዘችው ነበር። ከዚያም ሳበች። ለማዳን አልነበረም፣ ከገጠመ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው አጥንት በመሳብ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። በጥርሷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ እያለች፣ እየጨመረች ሳበች። ሕመሙ እስከ ወገቡ ወጣ። የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ገባ፤ በቃ የምትለዋ ቃል አፉ ውስጥ ሞላች፣ እሱም ዋጣት።

የለቀቀችው እሷ ናት፣ ራሷ በቃኝ ስትል። መዳፎቿን ገልብጣ እንደ አዲስ ነገር አየቻቸው።

"ደህና ነበር እጄ" አለች።

"ደህና ነበር" አላት፤ ማልቀሱን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

"ነገ ለሐኪሙ የምደውለው እኔ ነኝ። አጣብቀው እለዋለሁ። ማን እንደሳበ፣ ማን በቃ እንዳለ ግን አንተ ነህ የምትነግረው። ለሐኪሙም፣ ለኢንሳፍም፣ ለስህንም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

እጅጌዋን አወረደች። ሰፌዱን ወደ ጭኗ መልሳ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አውፍ ማለቱን አላነሳችውም፣ እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም።